በሊኑክስ ላይ ዋይፋይን ማሠራት

በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ዋይፋይ የሚሠራው ተደራርበው በቆሙ ክፍሎች ነው። ከሥር የሬዲዮው ቺፕ አለ። በቺፑ ውስጥ ፈርምዌር የተባለ አነስተኛ ፕሮግራም ይሮጣል፤ የስርዓቱ እምብርት በሆነው ከርነል ውስጥ ሆኖ ቺፑን የሚያዝዘው ድራይቨር ይከተላል፤ ከዚያ የይለፍ ቃሉን ይዞ ከራውተሩ ጋር የሚደራደረው አገልግሎት፣ በመጨረሻም ተጠቃሚው የኔትወርኮችን ዝርዝር የሚያይበት አስተዳዳሪ ይመጣል። ብልሽት ሲገጥም ምርመራው ከሥር ወደ ላይ መሄድ አለበት። የሥረኛው ክፍል ሳይነሣ የይለፍ ቃል ደጋግሞ መጻፍም ሆነ አስተዳዳሪውን አጥፍቶ እንደገና መጫን ጊዜ ማባከን ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ቺፑን መለየት ነው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ስም አያስተማምንም፤ አንዳንድ አምራቾች የሞዴሉን ስም ሳይለውጡ በአዲሱ ዕትም ውስጥ የሌላ ድርጅት ቺፕ ያስገባሉ። የሚታመነው ዕቃው ራሱ የሚሰጠው መለያ ነው፦ አንዱ የአምራቹ፣ ሌላው የዕቃው የሆኑ፣ እያንዳንዳቸው አራት አራት ምልክት ያላቸው ሁለት ቁጥሮች። በ8086 የሚጀምረው ለምሳሌ የኢንቴል ነው። ላፕቶፕ ውስጥ ለተገጠመ ካርድ ተርሚናል ላይ «ኤልኤስፒሲአይ» የሚለው ትዕዛዝ «ኤንኤንኬ» ከሚለው አማራጭ ጋር ይጻፋል፤ ለዩኤስቢ ዶንግል (ወደብ ላይ ለሚሰካ ትንሽ የዋይፋይ ዕቃ) ደግሞ «ኤልኤስዩኤስቢ»። የመጀመሪያው ትዕዛዝ ከካርዱ ስም በታች የትኛው ድራይቨር እንደያዘው ይናገራል። ያ መስመር ከሌለ ካርዱ ድራይቨር አላገኘም። ዶንግሉ እንደ ሲዲ ማጫወቻ ሆኖ ከታየ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ የዊንዶውስ ድራይቨር የተቀመጠበትን የማከማቻ ክፍሉን ነው ያስቀደመው። «ዩኤስቢ ሞድስዊች» የተባለው መሣሪያ ወደ ዋይፋይነቱ ይመልሰዋል።

ካርዱ ታውቆ፣ ድራይቨሩም ተነሥቶ ኔትወርክ ከጠፋ ዋናው ተጠርጣሪ ፈርምዌሩ ነው። አብዛኞቹ የዛሬ ቺፖች ፈርምዌራቸውን በቋሚነት አይዙም፤ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ድራይቨሩ ከዲስክ አንብቦ ይጭንላቸዋል። ፋይሉ ሲጠፋ ከርነሉ የሚፈልገውን ፋይል ስም ጠቅሶ «-2» የሚል የስሕተት ቁጥር ይመዘግባል፤ «የተባለው ፋይል የለም» ማለቱ ነው። መዝገቡ የሚወጣው «ዲሜሴጅ» በሚለው ትዕዛዝ ነው። መፍትሔው የዲስትሪቢውሽኑን (የተጫነውን የሊኑክስ ዓይነት፣ ለምሳሌ የዴቢያንን) የፈርምዌር ጥቅል መጫን ሲሆን፣ ጥቅሉን ለማውረድ ግን ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ ያለ ዋይፋይ የለም። ከዚህ አዙሪት መውጫው የስልክን ኢንተርኔት በዩኤስቢ ገመድ ማጋራት ነው። ሊኑክስ ስልኩን እንደ ባለ ገመድ ኔትወርክ ስለሚያየው ብዙውን ጊዜ ሌላ ድራይቨር አይጠይቅም።

ፈርምዌሩ ሁልጊዜ ከስርዓቱ ጋር የማይመጣው የምንጭ ኮዱ ዝግ ስለሆነ ነው። ዴቢያን በዚህ ምክንያት ለዓመታት ከመደበኛው መጫኛ ውጭ አቆይቶት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው አቋሙን ለወጡ፣ በ2023 የወጣው ዴቢያን 12ም ፈርምዌሩን በመጫኛው ውስጥ ይዞ መጣ። እንደ ትሪስኬል ያሉ ፍጹም ነጻ ሶፍትዌር ብቻ የሚቀበሉ ዲስትሪቢውሽኖች ግን ዛሬም አይጨምሩትም፤ እዚያ የኢንቴል ካርድ አይሠራም።

ቀድሞ ነገሩ ከዚህም የከፋ ነበር። ለብሮድኮም ቺፖች ፕሮግራመሮች የዝጉን ድራይቨር አሠራር ፈልቅቀው «ቢ43»ን ጻፉ፤ ሌላው አማራጭ የዊንዶውስን ድራይቨር በ«ኤንዲአይኤስራፐር» አማካይነት ሊኑክስ ላይ ማስኬድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ከርነል 2.6.22 «ማክ80211» የተባለውን የጋራ መሠረት ሲይዝ እያንዳንዱ ድራይቨር የዋይፋይን ሕግጋት ለየብቻ ከመጻፍ ተገላገለ። በ2008 አቴሮስ «ኤቲኤች9ኬ»ን፣ በ2010 ብሮድኮም የራሱን ክፍት ድራይቨር አወጡ። በ«ኤቲኤች9ኬ» የሚሠሩ የውስጥ ካርዶች ከዲስክ የሚጫን ፈርምዌር አይፈልጉም፤ ዕድሜያቸው ቢገፋም እስካሁን የሚፈለጉት ለዚህ ነው። አዲስ ለሚገዛ ሰው ኢንቴል ወይም ሚዲያቴክ የተሻለ ምርጫ ነው።

የሪልቴክ ዶንግሎች ጥንቃቄ ይሻሉ። አንዳንዶቹ ቺፖች ለረጅም ጊዜ የኖሩት ከከርነሉ ውጭ በተጻፈ ድራይቨር ነው። እንዲህ ያለ ድራይቨር ለአንድ የከርነል ዕትም ብቻ ስለሚዘጋጅ ከርነሉ ሲታደስ ዋይፋዩ ይጠፋል። «ዲኬኤምኤስ» በተባለው መሣሪያ ከተጫነ ከእድሳቱ ጋር ራሱን ያድሳል፤ ግን ከአዲሱ ከርነል ጋር የሚስማማው የሄደር ጥቅል (ድራይቨር ለመገንባት የሚያስፈልጉ የከርነል ፋይሎች) አብሮ መጫን አለበት። ይህን መርሳት እጅግ የተለመደ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ የተፈረመ ሶፍትዌር ብቻ የሚያሳልፈው ሴኪዩር ቡት ከበራ ደግሞ ከርነሉ ያልተፈረመን ድራይቨር አይቀበልም። ወይ ሴኪዩር ቡትን ማጥፋት፣ ወይ «ሞክዩቲል» በሚለው ትዕዛዝ የራስን የፊርማ ቁልፍ ማስመዝገብ ያስፈልጋል፤ ምዝገባው የሚጠናቀቀው ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሣ በሚመጣው ገጽ ላይ ነው፤ ያን ገጽ ያለፈ ሰው ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ድራይቨሩም ፈርምዌሩም ደህና ሆነው ምንም ኔትወርክ ካልታየ፣ «አርኤፍኪል» የሚለው ትዕዛዝ ሬዲዮው መዘጋት አለመዘጋቱን ያሳያል። በሶፍትዌር የተዘጋው በዚሁ ትዕዛዝ ይከፈታል፤ በሃርድዌር የተዘጋው ግን የላፕቶፑን ማብሪያ ወይም የቁልፍ ሰሌዳውን ቁልፍ ይፈልጋል። ዊንዶውስም በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የዊንዶውስ ፈጣን አነሣስ ካርዱን በግማሽ እንቅልፍ ሊተወው ስለሚችል ፈጣን አነሣሱን ማጥፋት ይመከራል።

ሌሎች ኔትወርኮች እየታዩ አንዱ ብቻ ከጠፋ ቻናሉን፣ ማለትም ራውተሩ የሚጠቀምበትን የሬዲዮ መስመር ቁጥር፣ ማየት ነው። የአሜሪካ ደንብ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ከ1 እስከ 11 ብቻ ስለሚፈቅድ፣ በዚያ ደንብ የተዋቀረ ኮምፒውተር 12 ወይም 13 ላይ የተቀመጠን ራውተር አያገኝም። የአገር ኮዱ በ«አይደብሊው» ትዕዛዝ ይስተካከላል፤ አዳዲሶቹ የኢንቴል ካርዶች ግን ደንቡን ራሳቸው ስለሚወስኑ አይታዘዙም። ለእነሱ ራውተሩን ወደ 1፣ 6 ወይም 11 ማዛወር ይቀላል።

ኔትወርኩ እየታየ አልገናኝ ካለ፣ ከራውተሩ ጋር የሚደራደሩት ሁለት አገልግሎቶች፣ «ደብሊውፒኤ ሰፕሊካንት» እና የኢንቴሉ «አይደብሊውዲ»፣ አንድ ላይ እየሠሩ ካርዱን ይሻሙ እንደሆነ ይታይ፤ አንዱ መዘጋት አለበት። አዲሱ የዋይፋይ ጥበቃ ደረጃ ደብሊውፒኤ3 የሚያስቸግረውን የቆየ ካርድ ለመፈተን ራውተሩን ለጊዜው ደብሊውፒኤ2 ብቻ ማድረግ ይበጃል። እየተገናኘ የሚቆራረጥ ከሆነ በመጀመሪያ የሲግናሉ ኃይል ይለካ፦ -60 ዲቢኤም አካባቢ ጥሩ ነው፣ -80 ደካማ። ሲግናሉ ጠንካራ ሆኖ ከተቆራረጠ ኃይል ቆጣቢው ይጠረጠራል። «ኔትወርክ ማናጀር» በተባለው አስተዳዳሪ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ የዋይፋይ ኃይል ቁጠባ እሴት 2 ሲሆን ቁጠባው ይጠፋል፣ 3 ሲሆን ይበራል። ዩኤስቢ 3 ወደብም በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ጫጫታ ይፈጥራል፤ ዶንግሉን በአጭር ማራዘሚያ ገመድ ከወደቡ ማራቅ ብዙ ጊዜ ይረዳል።

ተገናኝቶ ገጽ የማይከፍት ከሆነ 1.1.1.1 የተባለው የኢንተርኔት አድራሻ ፒንግ ይደረግ፤ መልስ ይሰጥ እንደሆነ መጠየቅ ነው። መልስ ከመጣ ዋይፋዩ ደህና ነው፤ የጎደለው ስምን ወደ አድራሻ የሚመነዝረው ዲኤንኤስ ነው። መልስ ካልመጣ ራውተሩ አድራሻ መስጠቱ ይረጋገጥ። የተጠቃሚ ስምና የምስክር ወረቀት በሚጠይቁ የመሥሪያ ቤት ኔትወርኮች ላይ ግን ከሁሉ በፊት የኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓት ይታይ፤ የእናት ሰሌዳው ባትሪ ደክሞ ሰዓቱ ወደ ኋላ ከቀረ የራውተሩ ወገን የሚያቀርበው የምስክር ወረቀት ገና ያልጸና ይመስላል፣ ግንኙነቱም ይቋረጣል።