ፌሪቲን ከፍ ሲል ብረት በዛ ማለት ነው?

የአዋቂዎች ስቲል በሽታ (ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና ሽፍታ የሚያመጣ የብግነት በሽታ) ያለባችሁ ደጋግማችሁ «ፌሪቲኔ 5,000 ገባ፣ ሥጋ ልተው?» ትላላችሁ። አትተዉ። ፌሪቲን ብረት የሚያጠራቅም ፕሮቲን ነው፤ ግን ሰውነት ውስጥ ብግነት ሲነሳም ሽቅብ ይወጣል። በስቲል ከፍ የሚያደርገው ብግነቱ ነው እንጂ ምግቡ አይደለም።

ቁጥሩ ብቻውን ግን በሽታውን አያረጋግጥም። ኢንፌክሽንም፣ የጉበት ሕመምም፣ የደም ካንሰርም ያንረዋል። ለስቲል አንድ ቁርጥ ያለ ምርመራ የለም፤ ሐኪሙ በየቀኑ፣ ብዙ ጊዜ ወደ ማታ የሚነሳውን ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመሙንና ከትኩሳቱ ጋር መጥቶ የሚጠፋውን ሽፍታ (በጥቁር ቆዳ ላይ ቶሎ አይታይም፣ ሲወጣ ፎቶ አንሱት) አንድ ላይ አይቶ፣ ሌላውን፣ በተለይ እኛ አገር ቲቢን፣ አጣርቶ ነው የሚደርስበት።

መድኃኒቱ ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ ብግነት በሚያበርደው ስቴሮይድ፣ በፕሬድኒሶሎን ይረጋጋል፣ ሌላው የሰውነትን የመከላከያ ሥርዓት የሚያረግበው ሜቶትሬክሴት ይጨመርለታል። ትኩሳቱ ለቀቀኝ ብላችሁ ግን ፕሬድኒሶሎኑን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፣ አደራ።