የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ምንድን ነው?

የቀበሌ መልእክተኛ ቤት ለቤት እየዞረ «ነገ ስብሰባ አለ፣ እንዳትቀሩ» ይላል። ከመንደሩ በላይ ባለው የግጦሽ መሬት ላይ የፋብሪካ ዝቃጭ ማስወገጃ ሊሠራ ታስቧል። በስብሰባው ስለ ሥራ ዕድልና ስለሚሠራው መንገድ ብዙ ይወራል። በመጨረሻ አንዲት እናት ከኋላ ተነስተው «ልጄ፣ ክረምት ሲገባ ከዚያ የሚወርደው ውኃ ወዴት ነው የሚሄደው?» ብለው ይጠይቃሉ። ቁፋሮ ሳይጀመር ለዚህ ጥያቄ በጥናትና በጽሑፍ መልስ እንዲሰጥ የሚያስገድደው አሠራር የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ይባላል።

በአገራችን የዚህ አሠራር መሠረት የተጣለው በአዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው። ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ከአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ መጀመር አይችልም። የንግድ ወይም የኢንቨስትመንት ፈቃድ የሚሰጠው አካልም አስቀድሞ ይህን ማረጋገጥ አለበት። ከአዋጁ በላይ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አለ፤ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖር የሁሉም ሰው መብት ነው ይላል።

ጥናቱ ውስጥ ብዙ ነገር ይገባል፤ ፕሮጀክቱ ምን እንደሚያመጣ፣ ጉዳቱ እንዴት እንደሚቀነስ፣ ሌላ ቦታ ይሻል እንደሆነ፣ በኋላ ማን እንደሚቆጣጠር። እኔ ግን ከሁሉም በፊት የማየው መነሻ መረጃውን ነው። ፕሮጀክቱ ከመምጣቱ በፊት የምንጩ፣ የጉድጓዱና የአፈሩ ሁኔታ ምን ይመስል ነበር? ለምሳሌ የቆዳ ፋብሪካ ዝቃጭ ቆዳ ለማልፋት የሚውለው ክሮሚየም የተባለ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ውኃ ውስጥ ቢገባ በዓይን አይቶ ወይም ቀምሶ ማወቅ ያስቸግራል፤ የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። ገበሬው ከአምስት ዓመት በኋላ «ከብቶቼ ያለቁት ከዚህ ውኃ ነው» ቢል፣ ቀድሞ የተመረመረ ውኃ ከሌለ «ድሮም እንዲህ ነበር» ይባላል፤ ማስረጃ የለውም። ስለዚህ ውኃው ከየትኛው ምንጭ፣ በየትኛው ወር ተቀዳ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በበጋ ብቻ የተቀዳ ናሙና የክረምቱን ጎርፍ አያሳይም።

ከማስወገጃው ሥር ስለሚነጠፈው ወፍራም ላስቲክም መጠየቅ ያሻል። ቆሻሻው ላይ ዝናብ ሲወርድበት ጥቁር ፍሳሽ ያወጣል፤ ፍሳሹን ከመሬት የሚለየው ላስቲኩ ነው። ፍሳሹ የሚጠራቀምበት ኩሬ የሐምሌና የነሐሴን ዝናብ ይችላል ወይ? ሲሞላስ ወዴት ይለቀቃል?

ጥናቱን የሚያሠራውና የሚከፍለው ባለ ፕሮጀክቱ ራሱ ነው። ይህ ትልቅ ክፍተት ይመስለኛል። ክፍተቱን ሊሞላ የሚችለው የነዋሪው ዓይን ነው፤ አዋጁም ይህን ያወቀ ይመስላል። አንቀጽ 15 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ በተለይ ጉዳቱ ሊደርስበት የሚችለው ማኅበረሰብ የሰጠው አስተያየት በሪፖርቱና በግምገማው ውስጥ እንዲካተት ያዛል። አበል ለመቀበል የተፈረመ የስም ዝርዝር ከሪፖርቱ ጀርባ ተያይዞ «ሕዝቡ ተስማምቷል» ሲባል መስማት ያንገበግባል። መገኘት መስማማት አይደለም። በቃለ ጉባኤው ላይ የእኚያ እናት ጥያቄ ከነመልሱ መስፈር አለበት።

ነዋሪው ሳይደመጥ ሲቀር የሚሆነውን በሰንዳፋ አይተናል። በፈረንሳይ የልማት ድርጅት ድጋፍ የተሠራው የአዲስ አበባ ቆሻሻ ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በዙሪያው ያሉ ገበሬዎች ስለ ሽታው፣ ስለ ውኃቸውና ስለ ከብቶቻቸው አምርረው ተቃወሙ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ሥራው ቆመ። ቆሻሻው ከሃምሳ ዓመት በላይ ወዳገለገለው የከተማዋ አሮጌ መጣያ፣ ወደ ቆሼ፣ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። አንዱ ብቻውን ሌላውን አመጣ አልልም። ግን የሰንዳፋው ገበሬና የቆሼው ነዋሪ የአንድ ከተማ ቆሻሻ የወደቀባቸው ሰዎች ናቸው፤ ሁለቱም ቀድመው መደመጥ ነበረባቸው።

ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላም በር አይዘጋም። በብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረት ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠ ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን፤ ሁለት ቅጂ ተይዞ ይኬድ፤ በእጅ በሚቀረው ቅጂ ላይ መዝገብ ቤቱ ቀንና ማኅተም ያሳርፍበት። 30ው ቀን ሲቆጠር ማስረጃው እሱ ነው።