የግቢ ቆሻሻ፦ ከካፌ እስከ ገንዳ

ተማሪ ዩኒቨርሲቲውን «ግቢ» ብሎ ነው የሚጠራው። ግቢ ውስጥ ይተኛል፣ ይበላል፣ ይማራል፣ ልብሱን ያጥባል፣ ሲያመው ክሊኒክ ይሄዳል። ከ10 ሺህ በላይ ተማሪ የያዘ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የአንዲት ትንሽ ከተማ ያህል ሰው ይኖርበታል። ቆሻሻውም የዚያኑ ያህል ነው። በኢትዮጵያ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ስላሉ ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

ግቢ ከከተማ የሚሻልበት አንድ ነገር አለ። ከተማ ውስጥ ቆሻሻው ከየቤቱ ተደባልቆ ይወጣል። ግቢ ውስጥ ግን ምን ከየት እንደሚወጣ ይታወቃል። ከካፌ ምግብ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀት፣ ከላውንጅ ጠርሙስ፣ ከላብራቶሪ ኬሚካል ይወጣል። ስለዚህ እርጥቡን ከደረቁ መለየት እዚህ ይቀላል። ዋናው ሥራም ይኸው ነው። ወጥ የነካው ወረቀት ወረቀትነቱ ያበቃል፤ ማንም አይገዛውም። ፕላስቲክ የገባበት የምግብ ትራፊም ለከብት አይሆንም።

በብዛት አንደኛው የምግብ ትራፊ ነው። እስቲ እናስላው። 10 ሺህ ተማሪ በየማዕዱ 100 ግራም ብቻ ቢያስተርፍ፣ ቁርስ፣ ምሳና እራት ተደምሮ በቀን 3 ቶን ይሆናል። መቶ ግራም ማለት ከአንድ እንጀራ ቁራሽ ነው። ትራፊውን ከብት አርቢዎች ይወስዱታል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከሆቴልና ከትልልቅ ካፌዎች የሚወጣ ትራፊ «ቡሌ» ተብሎ ለድሃ ይሸጣል። የሰው ምግብ ነው ማለት ነው። ሳህኑ ላይ ሶፍት ጠቅልሎ የሚተው ተማሪ ይህን ቢያስብ እጁን የሚሰበስብ ይመስለኛል።

ወደ ወጥ ቤት ብንሻገር የድንችና የካሮት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የሽንኩርት ቅርፊት በየቀኑ ይከመራል። ይህ ለኮምፖስት ምርጥ ነው። ወጥ ያለበት ትራፊ ግን ጨውና ዘይት ስላለው ለብቻው ቢሆን ይሻላል፤ ጨው ሲበዛ አፈሩን ይጎዳል። አሠራሩ ከባድ አይደለም። እርጥቡ ልጣጭ ናይትሮጅን፣ ደረቁ ቅጠልና ገለባ ደግሞ ካርቦን ይሰጣል። ካርቦኑ ከናይትሮጅኑ ከ25 እስከ 30 እጥፍ ሲሆን ክምሩ በደንብ ይሠራል። ሆዱ እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል፤ ሙቀቱ የአረም ዘርንና ብዙ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ይገድላል። በየጊዜው ይገላበጣል። እርጥበቱ እንደተጨመቀ ስፖንጅ መሆን አለበት፤ ሲጨብጡት ከረጠበ ይበቃል፣ ውሃ ከወረደው በዝቷል። ከተወሰኑ ወራት በኋላ ሽታ የሌለው ጥቁር አፈር ይወጣል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ብዙ ግቢዎቻችን በባሕር ዛፍ የተሞሉ ናቸው፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ዘይት ስላለው ቶሎ አይበሰብስም። ከሌላ ቅጠል ጋር በጥቂቱ ነው መቀላቀል ያለበት።

ወረቀት ወቅት አለው። የፈተና ሰሞን ሀንድአውት ዶርሙን ይሞላዋል፤ ሴሚስተር ሲያልቅ ደግሞ በአንድ ቀን ኮሪደር ላይ ይፈሳል። እኔ በተማርኩበት ግቢ ያ ሁሉ ወረቀት ከፌስታልና ከሃይላንድ ጋር አብሮ ከዶርም ጀርባ ይቃጠል ነበር። ጭሱ በመስኮት ይገባል፤ መስኮት ዘግተን እናጠናለን። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። ፕላስቲክ በሜዳ ላይ ሲቃጠል፣ በተለይ ክሎሪን ያለበት ፒቪሲ ሲሆን፣ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይለቃል። ወረቀቱ ቢሰበሰብ ኖሮ ደግሞ ገዢ አለው።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት ቆራሌዎች ናቸው። በየሰፈሩ እየዞሩ ብረት፣ ጠርሙስ፣ ሃይላንድ፣ አሮጌ ጫማ ይገዛሉ። ብረታ ብረቱ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ እንደገና ዕቃ ይሆናል። ሃይላንዱ ታጥቦ ይፈጫል፣ ተመልሶ ለፕላስቲክና ለክር ይውላል። ግቢ ውስጥም የጽዳት ሠራተኞች ሃይላንድ ለይተው ያጠራቅማሉ፤ ለብዙዎቹ ከደመወዛቸው ሌላ የሚያገኟት ድጎማ ናት። ዩኒቨርሲቲ ሪሳይክሊንግ ልጀምር ሲል መጀመሪያ እነሱን ማማከር አለበት ባይ ነኝ። ሥራውን የጀመሩት እነሱ ናቸውና ገቢያቸውን ነጥቆ ለሌላ መስጠት ግፍ ነው። ጓንትና የሚያስቀምጡበት ቦታ ቢሰጣቸው ይበቃቸዋል።

ላውንጁ ደግሞ የቆየ ትምህርት አለው። የለስላሳ ብርጭቆ ጠርሙስ ተጠጥቶ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል፣ ፋብሪካ ሄዶ ታጥቦ እንደገና ይሞላል። ማስያዣ ስላለው ማንም አይጥለውም። ፕላስቲኩ ማስያዣ የለውም፤ ስለዚህ ሜዳው ላይ የምናየው እሱን ነው።

በጥብቅ መያዝ ያለበት የላብራቶሪና የክሊኒክ ቆሻሻ ነው። ኬሚካል በመታጠቢያው አይደፋም። ናይትሪክ አሲድና አልኮል አንድ ዕቃ ውስጥ ቢገናኙ ሊፈነዱ ይችላሉ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ጠርሙስ ምን እንደያዘና መቼ እንደተሞላ ይጻፍበታል። መርፌ ክዳኑ ሳይመለስ ቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይገባል። ሣጥኑ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይታሸጋል። ከዚህ በኋላ ከተራ ቆሻሻ ጋር ገንዳ ውስጥ ከተጣለ ግን ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ገንዳውን በእጁ የሚፈትሽ ሰው አለ።

የተበላሸ ኮምፒውተር ሌላ ራስ ምታት ነው። የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ዝም ብሎ አይጣልም፤ በሥርዓቱ ተመዝግቦ መወገድ አለበት። ሂደቱ ሲጓተት መጋዘኑ በአሮጌ ሞኒተር ይሞላል። የድሮዎቹ ወፋፍራም ሞኒተሮች ብርጭቆ ውስጥ እርሳስ አለ።

ሕጉም አለ። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 በ1999 ዓ.ም. ወጥቶ ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ፌስታልን ጭራሽ አግዷል።

ገንዳው ከግቢ ሲወጣ የት ይሄዳል? አዲስ አበባ ውስጥ መልሱ ከ50 ዓመት በላይ ረጲ ያለው የቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ገደለ። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ ላይ እዚያው ረጲ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ፋብሪካ ተመረቀ። እርጥብ ቆሻሻ ግን በደንብ አይነድም፤ ሙቀቱን ውሃው ይበላዋል። የካፌው ልጣጭ ግቢው ውስጥ ኮምፖስት ቢሆን ገንዳው ይቀላል፣ የሚወጣው ደረቁ ብቻ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው ወጥ ቤቱ በር ላይ የሚቀመጥ ክዳን ያለው በርሜል፣ ከኋላ ያለች ቁራሽ መሬትና ክምሩን በየሳምንቱ የሚያገላብጥ ሰው ነው።