የዲሲ ኃይል ማከፋፈያ መረጋጋት እንዴት ይመዘናል

የሞባይል ማማ መሣሪያዎች በ48 ቮልት ዲሲ (አቅጣጫው በማይለዋወጥ ከረንት)፣ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ደግሞ በ750 ቮልት ዲሲ ይሠራሉ። እንዲህ ያለ መስመር ሲመዘን ጥያቄው አንድ ነው፦ ጭነት፣ ማለትም ኃይል የሚወስድ መሣሪያ፣ ድንገት ሲገባ ወይም ሲወጣ ቮልቴጁ ተወዛውዞ ይረጋል ወይስ ውዝዋዜው እየበረታ ይሄዳል? እያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው ተፈትኖ ማለፉ ለዚህ መልስ አይሆንም፤ ችግሩ የሚወለደው ሲጋጠሙ ነው።

ምክንያቱ የኮንቨርተሩ፣ ማለትም የመስመሩን ቮልቴጅ መሣሪያው ወደሚፈልገው መጠን የሚለውጠው ክፍል፣ ጠባይ ነው። ኮንቨርተር የሚያወጣውን ቮልቴጅ አጥብቆ ስለሚይዝ ከመስመሩ የሚወስደው ኃይል አይለወጥም። ስለዚህ የመስመሩ ቮልቴጅ ሲወርድ ከረንት ይጨምራል፤ ይህም ቮልቴጁን ይበልጥ ያወርደዋል። ባሕርይው አሉታዊ ሬዚስታንስ ይባላል፤ መጠኑ የሚገኘው ቮልቴጁን በራሱ አባዝቶ ለኃይሉ በማካፈል ነው። 960 ዋት የሚወስድ ጭነት በ48 ቮልት 2.4 ኦም ይሆናል።

አር. ዲ. ሚድልብሩክ እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረበው መስፈርት ዛሬም የሥራው መነሻ ነው፦ የምንጩ ኢምፒዳንስ (ለሚለዋወጥ ከረንት የሚያሳየው ተቃውሞ) በየትኛውም ፍሪኩዌንሲ ከጭነቱ ኢምፒዳንስ በብዙ ያንስ። ጥብቅ ነው፤ ያላሟላ ሁሉ ይናወጣል ማለት አይደለም፣ ያሟላ ግን አስተማማኝ ነው። በተግባር ቢያንስ የ6 ዴሲቤል፣ ማለትም የሁለት እጥፍ፣ ልዩነት ይፈለጋል።

በቁጥር እንየው። ኬብሉ 10 ማይክሮሄንሪ ኢንደክታንስ (የከረንት ለውጥን የመቃወም ባሕርይ) እና 0.02 ኦም ሬዚስታንስ ይኑረው፤ ከጭነቱ መግቢያ ላይ 220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ክፍል) ይቀመጥ። የካፓሲተሩን የውስጥ ሬዚስታንስ ብንተወው፣ የምንጩ ኢምፒዳንስ ጫፍ፣ ማለትም ከፍተኛው መጠኑ፣ ኢንደክታንሱ ለሬዚስታንስና ካፓሲታንስ ብዜት ሲካፈል ነው፤ 2.27 ኦም ገደማ። የማማው ባትሪ ሲሞላ በ54 ቮልት ያው የ960 ዋት ጭነት 3.04 ኦም ስለሆነ መስመሩ ይረጋል። መብራት ጠፍቶ ባትሪው 43.2 ቮልት ሲደርስ ግን ጭነቱ ወደ 1.94 ኦም ይወርዳል፤ ውዝዋዜውም ያኔ ይጀምራል። ምዘና ሁልጊዜ በዝቅተኛው ቮልቴጅና በከፍተኛው ጭነት መደረግ ያለበት ለዚህ ነው። ካፓሲተሩ 680 ማይክሮፋራድ ቢሆን ጫፉ 0.74 ኦም ይሆናል፤ በ43.2 ቮልትም ከ6 ዴሲቤል በላይ ይተርፋል።

ብዙ ጥሩ ቴክኒሻን የሚሳሳተው ኬብል ላይ ነው። የቮልቴጅ መውደቅን ለመቀነስ ወፍራም ኬብል ሲዘረጋ ሬዚስታንሱ ይቀንሳል፣ ኢንደክታንሱ ግን ብዙም አይለወጥም። ሬዚስታንሱ በግማሽ ሲቀንስ ጫፉ በእጥፍ ያድጋል፤ ሰላም የነበረው መስመር መናወጥ ይጀምራል።

በሥራ ላይ ያለ መስመር ሲለካ በኢንጀክሽን ትራንስፎርመር ትንሽ ምልክት ይጨመርበታል። ምልክቱ ፍሪኩዌንሲው እየተቀያየረ ሲሄድ በምንጩና በጭነቱ በኩል ቮልቴጅና ከረንት ለየብቻ ይመዘገባሉ፤ ቮልቴጁ ለከረንቱ ሲካፈል የየአንዳንዱ የኢምፒዳንስ ኩርባ ይገኛል። ምልክቱ ከበዛ መሣሪያው ከመደበኛ ሥራው ይወጣል፣ ካነሰ በመስመሩ የኤሌክትሪክ ረብሻ ይዋጣል። ሁለቱ ኩርባዎች ከተቆራረጡ የፌዝ ልዩነቱን (በሞገዶቹ መካከል ያለውን መቀዳደም) መመርመር ግድ ነው። ይህ የሚያሳየው ትንንሽ ለውጥን ብቻ ስለሆነ ጭነቱን ከ10 ወደ 90 በመቶ ድንገት አሻግሮ ቮልቴጁን በኦሲሎስኮፕ ማየት ያስፈልጋል።

ጉድለት ሲገኝ የሚመረጠው መድኃኒት ካፓሲተርና ሬዚስተር በተከታታይ አያይዞ ከነባሩ ካፓሲተር ጎን በትይዩ ማስገባት ነው። የሚጨመረው ካፓሲተር ከነባሩ አራት እጥፍ ያህል፣ ሬዚስተሩ ደግሞ የኢንደክታንስና የካፓሲታንስ ውድር ስኩዌር ሩት ገደማ ይሁን። ሴራሚክ ካፓሲተር ብቻውን አይበቃም፤ የውስጥ ሬዚስታንሱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ውዝዋዜውን አያደክምም። ኤሌክትሮሊቲክ የሚባለው የካፓሲተር ዓይነት ደግሞ ሲያረጅ አቅሙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ስሌቱ በአዲስ ካፓሲተር ሳይሆን በዕድሜው ማብቂያ በሚኖረው አቅም ይሠራ።