ቱፕል በፓይተን ቋንቋ

ቱፕል በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ እሴቶችን በቅደም ተከተል የሚይዝ፣ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ አባላቱ የማይቀየሩ የዳታ ዓይነት ነው። ጊዶ ቫን ሮሰም ፓይተንን አምስተርዳም ሆኖ ሲቀርጽ ከኤቢሲ ቋንቋ ብዙ ነገር ወስዷል፤ የመጀመሪያው ቅጂም በ1991 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ወጥቷል።

ቱፕልን የሚፈጥረው ቅንፉ ሳይሆን ነጠላ ሰረዙ ነው። «አዲስ_አበባ = 9.03, 38.74» የሚለው መስመር የከተማዋን ኬክሮስና ኬንትሮስ የያዘ ባለ ሁለት አባል ቱፕል ይሠራል፤ «(5)» ተራ ቁጥር ሲሆን «(5,)» ግን ባለ አንድ አባል ቱፕል ነው። ቅንፉን የግድ የሚፈልገው ባዶው ቱፕል «()» ነው። ፓይተን 3 የተለዋዋጮችን ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍን ስለሚፈቅድ ምሳሌው እንዳለ ይሠራል፤ የእኛው «፣» በ«,» ቦታ ከገባ ግን ፕሮግራሙ ገና ሳይጀምር ስህተት ይወጣል።

የቱፕል ትልቁ ዋጋ ከአለመለወጡ ይመነጫል። አባላቱ በሙሉ ሃሽ ሊደረጉ (ከይዘታቸው ቋሚ መለያ ቁጥር ሊሰላላቸው) የሚችሉ እስከሆኑ ድረስ የዲክሽነሪ (እሴቶች በቁልፍ የሚፈለጉበት የዳታ ዓይነት) ቁልፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ከላይ ያለው የቦታ መጋጠሚያ የከተማዋን መረጃ ለማግኛ ሊያገለግል ይችላል፣ አባላቱ የሚቀየሩት ሊስት ግን ለዚህ ተግባር አይበቃም። ይሁንና የተቆለፈው ቱፕሉ ራሱ እንጂ በውስጡ የተቀመጠው ነገር አይደለም። «ሀ = ([1, 2], 3)» ካልን በኋላ በመጀመሪያው አባል ላይ 4ን ለመጨመር «ሀ[0] += [4]» ብንል ስህተት ይመጣል፤ ሊስቱ ግን «[1, 2, 4]» ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱም «+=» በመጀመሪያ ሊስቱን እዚያው ባለበት ያራዝምና ውጤቱን ወደ ቱፕሉ ሊመልስ ሲል ብቻ ይከለከላል። ልምድ ያላቸውንም የሚያስገርመው ይህ ጠባይ ከደንቡ በቀጥታ የሚከተል እንጂ የቋንቋው ጉድለት አይደለም።

ቱፕልን ወደ አባላቱ መዘርዘር የፓይተን ውበት ጎልቶ የሚታይበት ስፍራ ነው፤ «ሀ, ለ = ለ, ሀ» ያለ ሦስተኛ ተለዋዋጭ እሴቶችን ያቀያይራል፣ ፈንክሽንም (በስም የሚጠራ የኮድ ክፍል) በአንድ ጊዜ ብዙ ውጤት ይመልሳል። ከ2008 እ.ኤ.አ. ከፓይተን 3.0 ጀምሮ «መጀመሪያ, *ቀሪ = ሀ» በማለት የቀሩትን አባላት በሊስት መሰብሰብ ተችሏል። በዚያው ዓመት በወጣው ፓይተን 2.6 ደግሞ አባላቱ በስም የሚጠሩበት ኔምድ ቱፕል ተጨምሯል።

ቱፕል የማይለወጥ ሊስት ነው ወይስ እያንዳንዱ ስፍራ የራሱ ትርጉም ያለው መዝገብ በሚለው ላይ ፕሮግራመሮች አይስማሙም፤ ሁለተኛው አስተያየት ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። ከሊስት ያነሰ ሜሞሪ መያዙ ግን አያከራክርም።