የሐረማያ ውሃ፣ የሐረር ጅብ፣ የባቢሌ ዝሆን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሐረርና በድሬዳዋ ስለ ሐይቅ፣ ስለ ዛፍና ስለ አውሬ ሲነሣ ከአፍ የማይጠፉ አባባሎች አሉ። ብዙዎቹ ከአንድ ቦታ አልፈው አያዩም፤ ሐይቁን ከኮረብታው፣ ከተማውን ከሐይቁ፣ ማሳውን ከአውሬው መንገድ ነጥለው ይመለከታሉ። ስህተታቸውም በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

«ሐረማያ የደረቀው ዝናብ ስለጠፋ ነው፤ አሁን ውሃው ስለተመለሰ ነገሩ አልቋል።»

ሐረማያ መውጫ ወንዝ የሌለው፣ በዙሪያው ካሉት ኮረብታዎች የሚወርደውን ውሃ የሚያጠራቅም፣ ጥልቀቱም አነስተኛ የሆነ ሐይቅ ነው። የዝናብ መዋዠቅ የራሱ ድርሻ ቢኖረውም፣ ጫትና አትክልት ለማጠጣት የሚሠሩት የውሃ ሞተሮች፣ ለሐረር ከተማ ይሳብ የነበረው የመጠጥ ውሃ፣ እንዲሁም ከተራቆቱት ኮረብታዎች በየክረምቱ እየታጠበ ወለሉን የሞላው ደለል ተባብረው ሐይቁን ጨረሱት። ውሃው ሲሸሽ ባለ ሞተሩ ቱቦውን እያስረዘመ ተከተለው፤ ቱቦው አልደርስ ሲል ደግሞ በራሱ በሐይቁ ወለል ላይ ጉድጓድ ተቆፈረ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ዓሣ ይጠመድበት የነበረው ቦታ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆኖ ነበር። ጥፋቱን በገበሬው ላይ ብቻ መጫን ግን ተገቢ አይመስለኝም፤ የማንም ድርሻ ባልተወሰነበት ውሃ ላይ አንዱ ሞተሩን ቢያጠፋ ጎረቤቱ መሳቡን ስለማይተው፣ ቁጠባው ለራሱም ለሐይቁም አይተርፍም።

ዋጋውን ከከፈሉት አንዷ ሐረር ናት። ከከተማዋ ከፍ ብሎ በቅርብ ርቀት ላይ የነበረው ውሃ ሲጠፋ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የድሬዳዋ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ እየተቀዳ ዳገቱን በፓምፕ እንዲወጣና 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሐረር እንዲደርስ ማድረግ አስፈለገ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐይቁ እንደገና ውሃ መያዙ በእርግጥ ያስደስታል። ይሁንና ደለል ጥልቀቱን የቀነሰበት ሐይቅ በፀሐይ ቶሎ ይተናል፤ ጥቂት ድርቅ ያለባቸው ዓመታትና ልክ ያልተበጀላቸው ሞተሮች ዳግም ቢገጣጠሙ ውሃው ለመሸሽ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

«ረግረግ የወባ ቤት ስለሆነ ቢደርቅ ይሻላል።»

የወባ ትንኝ በረጋ ውሃ መራባቷ እውነት ነው። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተከሰተው የወባ ወረርሽኝ ጋር የተያያዘችው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ከእስያ የመጣች ትንኝ፣ ከተማ የሚስማማት፣ በበርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ጉድጓድ በተጠራቀመ ውሃ የምትራባ ናት። ሰው ውሃ የሚያጠራቅመው ደግሞ ቧንቧ ስለሚጠፋበት ነው፤ ስለዚህ ጎርፍን አዘግይቶ ወደ ከርሰ ምድር የሚያሰርገውን ረግረግ ማድረቅ የውሃ እጥረቱን፣ እጥረቱም በርሜሉን ያበዛል።

«ጅብ ጥንብ ለቃሚ ነው፤ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።»

ጅቦች በጀጎል ግንብ ቀዳዳዎች በሌሊት ገብተው አጥንትና ትርፍራፊ ጠርገው በሚወጡባት ሐረር ይህ አባባል ብዙም አይሰማም፤ ከከተማዋ ወጣ ሲባል ግን አሁንም መርዝ የተቀባ ሥጋ እንዲጣልለት የሚመክር አለ። ጅብ የዱር ታዳኝ እንስሳት በብዛት ባሉበት ስፍራ አብዛኛውን ምግቡን ራሱ አድኖ የሚበላ ብርቱ አዳኝ ነው። በእኛ አካባቢ በሰው ትርፍራፊ ላይ የተደገፈው ታዳኞቹ ስለተመናመኑበት ነው። እዳሪው ሲደርቅ እንደ ኖራ ነጭ ሆኖ የሚታየው አጥንትን ሰባብሮ ስለሚፈጭ ሲሆን፣ በየሜዳው የሚጣለውን በድን በዚህ መልክ ማጥፋቱ እንደ አባ ሰንጋ ያሉ በሽታዎች እንዳይዛመቱ ያግዛል። ከብት መብላቱ፣ አልፎ አልፎም በሰው ላይ አደጋ ማድረሱ አይካድም፤ ለዚህ መፍትሔው ጠንካራ በረትና በሌሊት ሕፃናትን ውጭ አለማሳደር ነው። መርዙ ግን ጅቡን ብቻ አይገድልም፤ ያንኑ ሥጋ የሚቀምሱትን ጥንብ አንሣዎችና ውሾችም ይጨርሳል። «ጅብ ወንድም ሴትም ነው» የሚለው ወሬ የመጣው የሴቷ የመራቢያ አካል የወንዱን ስለሚመስል ብቻ ነው፤ መንጋውን የምትመራውም ሴቷ ናት።

«ዛፍ ከተተከለ ኮረብታው ደን ሆነ ማለት ነው።»

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ውሃው በአብዛኛው የወረደው ከከተማዋ በላይ ካሉት ተራሮች ነበር። በዳገት ላይ ውሃን የሚያዘገየው ግንዱ ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ሣር፣ ቁጥቋጦና የበሰበሰ ቅጠል ነው። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለአጠና ስለሚውል ጽድንና ወይራን ከመጥረቢያ ያተርፋል፤ ከሥሩ ግን ሌላ ተክል እንደልብ አያበቅልም። በቆላው የተተከለው ፕሮሶፒስ የተባለ ከውጭ የመጣ እሾሃማ ዛፍ ደግሞ በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ከመጣ በኋላ ፍየልና ከብት ፍሬውን እየበሉ ዘሩን በየደረሱበት ስለጣሉት የግጦሽ መሬትን ወርሯል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል።

«የባቢሌ ዝሆን ሰፊ መጠለያ እያለው ሆን ብሎ ማሳ ያጠፋል።»

መጠለያው በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ ወደ 7,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በበጋ ውሃና ለምለም ቅጠል የሚገኘው ግን በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች ስለሆነ ዝሆኖቹ በእነዚሁ መስመሮች ይመላለሳሉ፤ ሰውም ውሃ ፈልጎ የሰፈረውና ያረሰው እዚያው ነው። በቆሎና ማሽላ በመንገዱ ላይ የጠበቀው ዝሆን ቢበላ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ማሳውን ያጣው ገበሬም ምሬቱ ተገቢ ነው። እንስሳውን መግደል የሚያስከትለው ኪሳራ ግን በቀላሉ የሚካስ አይደለም፦ ሴት ዝሆን 22 ወር ገደማ አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ብቻ የምትወልድ ሲሆን፣ ቀጣዩን ለመውለድ ብዙውን ጊዜ 4 ወይም 5 ዓመት ይፈጅባታል።