ድምፅ ያለው ፍላሽካርድ ምንድን ነው?

በኛ አገር "ካርድ" ሲባል ሰው ትዝ የሚለው የሞባይል ካርድ ነው። አንድ ማታ ደሴ፣ አክስቴ ቤት፣ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ ቆየሁና "ተመስገን፣ ዛሬ ሰማንያ ካርድ ጨረስኩ" አልኩ። አክስቴ ስኒዋን አስቀመጠች። "ሰማንያ! ከማን ጋር ብታወራ ነው ልጄ?" አለችኝ። ከማንም ጋር አላወራሁም። ቻይንኛ እየከለስኩ ነበር።

ፍላሽካርድ ሁለት ፊት ያለው ትንሽ ካርድ ነው። በፊቱ ጥያቄ አለ፣ በጀርባው መልስ። ጥያቄውን ታያላችሁ፣ መልሱን ከጭንቅላታችሁ ለማውጣት ትታገላላችሁ፣ ከዚያ ገልብጣችሁ ታረጋግጣላችሁ። ጥቅሙ ያለው ትግሉ ላይ ነው። አንድን ቃል አሥር ጊዜ ደጋግሞ ማንበብ ያወቁት ያስመስላል። ሳያዩ ለማስታወስ መሞከር ግን የያዙትን ካልያዙት ይለያል፤ ሙከራው ራሱም ቃሉን ያጸናዋል። ድምፅ ያለው ሲሆን ካርዱ ወረቀት መሆኑ ይቀርና ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ይወጣል። ስትነኩት ይናገራል። የቋንቋው ባለቤት ቃሉን ሲጠራው ትሰማላችሁ።

ነገሩ ለወሎ ሰው ያን ያህል አዲስ አይደለም። ቁርኣን የቀራ ሰው ሉሁን ያስታውሳል። እንጨቱ ላይ የተጻፈለትን ሼኹ ፊት ድምፁን አውጥቶ ይቀራል። ከሳተ እዚያው ይታረማል። ሲያልፍ ሉሁ ይታጠብና አዲስ ይጻፍበታል። የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረውም ያው ነው፤ "ሀ"ን በዓይኑ ብቻ አይቶ ያለፈ ተማሪ የለም፣ መጮህ ነበረበት። በሁለቱም ቤት የሚጠራ አፍ አለ፣ የሚያርም ጆሮ አለ። ድምፅ ያለው ካርድ አፉን ይሰጣችኋል። ጆሮውን አይሰጥም። ኋላ እመለስበታለሁ።

እኔ እዚህ ነገር ውስጥ የገባሁት በሲሚንቶ ነው። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ውስጥ ስቶር ኪፐር ነበርኩ። አለቆቻችን ቻይናውያን ናቸው። ቋንቋውን በደብተር ነበር የምማረው። የሰማሁትን በኛ ፊደል እጽፋለሁ፣ ጎኑ ላይ ትርጉሙን አስቀምጣለሁ። "ዎ" እኔ። "ያው" እፈልጋለሁ። "ማይ" መግዛት። "ሹዌይኒ" ሲሚንቶ፤ ቃል በቃል "የውሃ ጭቃ" ማለት ነው፣ ደስ ይላል። አንድ ጠዋት ሲሚንቶ አለቀ። ቀጥ ብዬ ኃላፊው ዘንድ ሄድኩና በኩራት "ዎ ያው ማይ ሹዌይኒ" አልኩት። ሲሚንቶ መግዛት እፈልጋለሁ ማለቴ ነው።

ሰውዬው ትክ ብሎ አየኝ። አስተርጓሚው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ለካ "ማይ" ዝቅ ብሎ ሲባል መግዛት ነው፤ ከላይ ወደ ታች ሲወረወር መሸጥ ነው። እኔ ወርውሬዋለሁ። ስቶር ኪፐሩ አለቃው ፊት ቆሞ "ሲሚንቶ መሸጥ እፈልጋለሁ" ብሏል። ልጆቹ ለወራት "አብሽር፣ ብቻ ድርሻችንን እንዳትረሳ" ሲሉኝ ከረሙ። ደብተሬን ገልጬ አየሁት። ሁለቱም "ማይ" ናቸው።

ማንዳሪን፣ ማለትም ዋናው ቻይንኛ፣ አራት ድምፀት አለው። ቶን ነው የሚሉት። ከአራቱ ሌላ ቀለል ብላ የምታልፍ፣ የራሷ ቶን የሌላት አምስተኛም አለች። የመጀመሪያው ቶን ከፍ ብሎ ሳይወጣ ሳይወርድ ይቆያል። የሚኒባስ ረዳት "ኮምቦልቻአአአ" ብሎ መጨረሻውን ሲስበው ዓይነት። ሁለተኛው ይወጣል፤ ከሌላ ክፍል ስትጠሩ "አቤት?" እንደምትሉት። ሦስተኛው ታች ወርዶ ይንከባለላል፣ ሳይወዱ በግድ "እሺ..." እንደሚባለው። አራተኛው ይወድቃል፤ ልጅ እሳት ሊነካ ሲል "ተው!" የምትሉት ነው። ሁሌ የሚጠቀሰው ምሳሌ "ማ" ነው። በአንደኛው ቶን እናት፣ በሁለተኛው ተልባን የመሰለ የቃጫ ተክል፣ በሦስተኛው ፈረስ፣ በአራተኛው መስደብ ነው። ያለ ቶን ከዓረፍተ ነገር መጨረሻ ከገባች ደግሞ "ወይ?" እንደምንለው የጥያቄ ምልክት ትሆናለች። እናትን ፈረስ ማለት እንግዲህ በዚህ በኩል ነው የሚመጣው።

አንድ ጓደኛዬ "አምባሰልና ባቲን የሰጠን ወሎዬዎች ቶን ሊያቅተን አይገባም፤ አራት ቅኝት፣ አራት ቶን" ይላል። ቀልዱን ወድጄለታለሁ። ግን ቅኝት ሌላ፣ ቶን ሌላ። ቶን ዜማ አይደለም፤ ቃሉ ላይ እንደ ፊደል የተተከለ ነው።

ይልቅ የሚቀርበን ሌላ ነገር ነው። መጥበቅና መላላት። "ገና" ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ ነው፤ ሲላላ "ገና አልመጣም" የምንለው ነው። "ዋና" ሲላላ ሐይቅ ላይ የሚዋኙት ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ "ዋና ኃላፊ" የምንለው። "አለ" ላልቶ ተናገረ ነው፤ ጠብቆ ግን መኖር ነው። ፊደላችን ይህን አይጽፍም። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው ከመጽሐፍ ብቻ ከተማረ መቼም አያገኘውም፤ ሰው ማድመጥ አለበት። እኛ ቻይንኛ ፊት ስንቆም ልክ እንደዚያ ሰውዬ ነን። የቻይንኛውን ለየት የሚያደርገው ብዛቱ ነው። ማንዳሪን ቶኑ ካልተቆጠረ ያለው የሲላብል፣ ማለትም በአንዴ የሚጠራ የቃል ቁራጭ፣ ዓይነት 400 ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሙሉ ቋንቋ ተጭኗል። ቶኑን ከጣላችሁት ስንት ቃል እርስ በርሱ እንደሚጋጭ አስቡት።

"ታዲያ በላቲን ፊደል አይጻፍም ወይ?" ትሉ ይሆናል። ይጻፋል። ፒንዪን ይባላል፣ ቻይና እ.ኤ.አ. በ1958 ነው ያጸደቀችው፤ ቶኑንም በላዩ ላይ በምልክት ያሳያል። ግን ፊደሎቹን እንግሊዝኛ እንደተማረ ሰው ካነበባችኋቸው ጉድ ነው። "ኪው" የምንለው ፊደል እዚያ "ች"ን የመሰለ ድምፅ ነው። "ሲ" ደግሞ "ትስ" ነው፤ ስለዚህ ወጥ ወይም አትክልት ማለት የሆነውን "ትሳይ" ሰው "ካይ" እያለ ይሸመድደዋል። የኛዎቹ ጠንካራ ድምፆች፣ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ፣ እዚያ የሉም። እኔ አንድ ሁለት ወር "ጠ" እያልኩ ስለፋ ነበር። ስህተቴን የነቃሁበት ካርዱን ስሰማ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ። ብዙ ሰው ድምፁን የሚያስቀምጠው ከካርዱ ጀርባ ነው። ፊቱ ላይ የቻይንኛው ጽሕፈት ወይም የአማርኛው ቃል፣ ጀርባው ላይ ትርጉሙና እንደ ምርቃት ድምፁ። እኔ ይህ ተገልብጧል ባይ ነኝ። ለጀማሪ ድምፁ ጥያቄው መሆን አለበት። ካርዱ ሲመጣ ስክሪኑ ባዶ ይሁን፣ ድምፅ ብቻ ይሰማ። "ማይ" ይላል። ምን አለ? መግዛት ነው መሸጥ? ወሰናችሁ፣ ገለበጣችሁ፣ ጀርባው ላይ ፒንዪኑ፣ ጽሕፈቱና ትርጉሙ አለ። ሰው ሲያወራችሁም እኮ በአየር ላይ ጽሑፍ አይመጣም። ድምፁ ከኋላ ከሆነ ዓይን ሥራውን ቀድሞ ይጨርሳል፣ ጆሮ ሥራ ፈት ይሆናል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቅመው የሚመሳሰሉትን ማጋጨት ነው። "ታንግ" በአንደኛው ቶን ሾርባ፣ በሁለተኛው ስኳር። "ሹዌይ ጂያው" በአንድ አባባል የሚበላ ነገር ነው፣ በውሃ የተቀቀለ ሥጋ ያለው ሊጥ፤ በሌላው መተኛት። ጥንዶቹን ጎን ለጎን ስትሰሟቸው ከሁለት ሳምንት በኋላ ጆሮ መለየት ይጀምራል። እኔ ላይ እንኳ ሠርቷል።

ካርዶቹ መቼ እንደሚመጡም ሥርዓት አለው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 መርሳትን በራሱ ላይ ለክቶ አሳተመ። የተማርነው መጀመሪያ በፍጥነት፣ ቀጥሎ ቀስ እያለ ይጠፋል። ስለዚህ ክለሳው ሊጠፋ ሲል ቢመጣ፣ በየጊዜውም ቀጠሮው ቢራራቅ ያዋጣል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሴባስቲያን ላይትነር የሚባል ሰው ይህንን በሣጥን አደረገው። ያወቃችሁት ካርድ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል፣ የሳታችሁት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ዛሬ ሒሳቡን ስልክ ይሠራዋል። እኔ የምጠቀመው አንኪ የሚባለውን የፍላሽካርድ መተግበሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ነው፣ ስሙ በጃፓንኛ በቃል መያዝ ማለት ነው። በአንድሮይድ ነፃ ነው፤ በአይፎን ይከፈልበታል። መልሱን ካያችሁ በኋላ ከበደኝ፣ ቀለለኝ ትሉታላችሁ፤ እሱ ነገ፣ በአራት ቀን፣ በወር ብሎ ይቀጥራል።

ካርዱ ከኦንላይን የሚወርድ መሆኑ አያስፈራችሁ። ኔትወርክ የሚያስፈልገው ለማውረድ ነው። አንድ ቃል የሚይዘው ጥቂት ኪሎባይት ስለሆነ ሺህ ቃል ከነድምፁ ከአንድ ረዘም ያለ ቪዲዮ አይበልጥም። ዋይፋይ ያለበት አንዴ ካወረዳችሁት መብራት ሄደ፣ ዳታ አለቀ ብሎ የሚቆም ነገር የለም። የኔ መማሪያ ክፍል ሚኒባስ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱን እስክንጨርስ የዕለቱን አጠናቅቃለሁ። ኢርፎን ብቻ አትርሱ። አንዴ ረስቼ ድምፁ ሲለቀቅ ከጎኔ የተቀመጡ አባት "አንተ ልጅ፣ ስልክህ ተበላሽቷል መሰል" አሉኝ።

አሁን ሞኝነቴን ልናገር። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ቻይንኛ የሚችል ሰው ይፈለጋል ሲባል እሰማ ነበር። እኔም ጎበዝ ልሁን ብዬ በቀን 40 አዲስ ካርድ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሳምንት እንደ ሠርግ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን የክለሳው ዕዳ በየቀኑ ከ300 በላይ ሆነ፤ እያንዳንዱ አዲስ ካርድ ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣልና። ስልኬን ማየት ፈራሁ። አንድ ወር ዘጋሁት። ስመለስ በቀን 8 አደረግሁት፣ እስከ ዛሬ በዚያው ነኝ። ያረጀው የኤችኤስኬ፣ ማለትም የቻይንኛ ችሎታ መመዘኛ፣ ፈተና የመጀመሪያ ደረጃው 150 ቃል ነበር። በቀን 8 ከሆነ ሦስት ሳምንት እንኳ አይሞላም።

ጆሮውን እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ካርዱ ይጠራል እንጂ አያርምም። እናንተ "ማይ" ስትሉ ትክክል ይሁን አይሁን አያውቅም። ትንሽ የሚረዳው ራስን መቅዳት ነው። ድምፃችሁን ቀድታችሁ ከባለቤቱ ድምፅ ጋር አከታትላችሁ አድምጡት፤ መጀመሪያ ያሳፍራል። ከዚያ በላይ ግን ሰው ያስፈልጋል። እኔን ያረመኝ ካምፑ ውስጥ የነበረ አንድ መካኒክ ነው፤ "ሺፉ" ነበር የምንለው፣ ባለሙያን በአክብሮት መጥሪያ ነው። ሻይ እየጠጣን ቃል እልለታለሁ፣ እሱ በእጁ ከፍ ዝቅ እያደረገ ያሳየኛል።

ሌላው ሺፉ የነገረኝ ነገር ነጠላ ቃል ብቻ አትያዝ የሚል ነው። ቶኖች ጎን ለጎን ሲሆኑ ይለዋወጣሉ። "ኒ ሃው" የሚለው ሰላምታ ውስጥ ሁለቱም ሦስተኛ ቶን ናቸው፤ ሲነገር ግን የመጀመሪያው ወደ ሁለተኛ ይቀየራል። ነጠላ ካርድ ይህን አያሳይም። ኮምፒውተር የሚያነበውም ድምፅ ነጠላ ቃል ላይ ደህና ነው፣ ዓረፍተ ነገር ላይ አንዳንዴ ይደርቃል። ስለዚህ ከመቶ ቃል በኋላ ካርዶቼን ወደ አጫጭር ሐረግ ቀየርኳቸው። የመጀመሪያው "ዎ ያው ማይ ሹዌይኒ" ነበር፣ በሁለቱም ዓይነት።

ባለፈው ሳምንት የመግዛቷ ካርድ መጣች። ወዲያው አወቅኋት፣ ስልኩ ቀጣዩን ቀጠሮ ከ5 ወር በኋላ አደረገው። የመሸጧ ግን አሁንም በየ2 ሳምንቱ ትመጣለች።